የቁልፍ ቀዳዳ

የነሐሴ መጨረሻ፣ የዩኒፎርም ጣጣ፣
ሰማያዊው ጣቃ ከላስቲኩ ሲወጣ፣
አርባ ሱሪ ቀርቶኝ፣ የልጅ እናት ስትቆጣ፣
ግራ ዓይኔ ቀላ።
ማዝ የለው፣ ጉድፍ የለው፤ ከሥር፣ ከሥሩ ያማል፣
ከሰል እንደጎረሰ ካውያ ይግማል።

ፍኖተ ሰላም ላይ ሐኪም ያልሆነ ማን አለ?
አንዱ ዳማከሴ ጨምቆ "ምች ነው" አለ፤
ሌላው "ቡዳ ነው" ብሎ ስም ጠርቶ ማለ።
አራሷ ጥሩዬ ልጇን አዝላ መጥታ
ከዓይኔ ላይ ጣለችው የወተቷን ጠብታ።
ጤና ጣቢያም ሄድሁ፤ የማዝ ቅባት ሰጡኝ፤
ዓለምን በቅቤ ቀባሁት፤ ሕመሙ ግን አልተወኝ።

ክረምቱን በሙሉ ጭቃ የረገጠ ሰው
መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ነው የሚያምረው።
እኔ በር ዘጋሁ።
ከቆርቆሮው ጣሪያ ነጥሮ የመጣው ብርሃን
እንደ መርፌ ወጋኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ይዤው፣
መርፌ እንዲህ መሆኑን ጨርቁ ነው የሚያውቀው።

ግማሽ ፊቴን በገበር ቁራጭ አስሬ ተሳፈርሁ።
"ዓይን አፋር ሙሽራ አለ፣ ቦታ ልቀቁለት!" አለ ረዳቱ።
ዕውነቱን ነው። ያፈረው ዓይኔ ነው።
ጅጋን አላየሁም፤ ደምበጫን አላየሁም፤
ተምጫን በውሃው ድምፅ ብቻ አወቅሁት።

ደብረ ማርቆስ፣ ሆስፒታል፣ የአግዳሚው ጫፍ ላይ
"ይታየው!" ብላ ጠራች ሲስተር እንጉዳይ፤
ቀና ብላ አየችኝ፦ "ይታየው… ይታይሃል ወይ?"
ወረፋው ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ሣቁ አመመኝ።

አገጬን ከብረቱ፣ ግንባሬን ከማሰሪያው፣
እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን በብሌኔ ገብቶ
ጓዳዬን በረበረው።
"ቀለም ያለበት ቀለበት፣ አይሪስ የምንለው፣
ተቆጥቷል" አለ ሐኪሙ። "ብግነት ነው።
ሲቆጣ ከኋላው ካለው ሌንስ ይጣበቃል፤
እዚህ፣ እዚህና እዚህ። ሦስት ቦታ ይዟል።"

ገባኝ። እኔ ካልገባኝ ማን ሊገባው!
ገበሩ ከላዩ ጋር በስሕተት ተሰፍቷል።
"ይተረተራል?" አልሁት።
"በጠብታ። ብዙ ካልቆየ።"

ከዚያ ያልጠበቅሁት መጣ፦
"ጠዋት ስትነሣ ወገብህ እንደ እንጨት ይገተራል?"
ይኼ ሰው ምን ነካው፣ እኔ ያመጣሁት ዓይን!
ወገቤንማ ለሲንጀሬ ሰጥቼው ነበር፣
ለበርጩማው፣ ለዕድሜ፣
ጧት ጧት ግድግዳ ይዤ ስነሣ ለምትስቀው ሚስቴ።
ለካ አንድ ክር ኖሯል፣ ከጀርባ አጥንቴ ተነሥቶ
ዓይኔ ላይ የተቋጠረ።
"ምናልባት" አለ። "ደም እንይ፤ ራጅም እናንሣ።"

ነጩ ጠብታ በየሰዓቱ። ባለ ቀይ ክዳኑ በቀን ሁለቴ።
ቀዩ ብሌኔን እንደ ገበያ በር በረገዳት፤
ሕመሙ ወጣ፤ ክሩም አብሮት ወጣ።
ቅርቡ ሁሉ ጉም፣ የመርፌው ቀዳዳ የለ፤
ያዳነኝ መድኃኒት ከእንጀራዬ ነጠለ።

ተለማማጄ አላምረው ክር ያስገባልኝ ጀመር።
አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሰዓቱንም ይዟል፤
"ጋሼ፣ ጠብታ!" ይላል፣ እንደ ደወል።
እነዚያን አርባ ሱሪዎች ሁለታችን ጨረስናቸው፤
የአንዱ እግር ከአንዱ ረዘመ፤
እናትየዋ ልትናገር አፏን ከፍታ
ዓይኔን አየችና ከፍላ ሄደች።

ሁለቱ ስፌት ተፈታ። አንዱ ቀረ።
በባትሪ፣ በመስታወት አየኋት ብሌኔን፤
ክብ አይደለችም፤ በታች በኩል ተጨምድዳለች፣
ጀማሪ እንደ ቀደዳት የቁልፍ ቀዳዳ።
ስንቱን እንዲህ ያለ አስፈትቼዋለሁ አላምረውን፣
እስኪያለቅስ!
ትናንት ደግሞ አንድ ጠማማ ይዞ መጣ።
ቁልፉን አስገባሁበት። አለፈ።
"ይበቃል፤ ቀጥል" አልሁት።
ልጁ ቆሞ ቀረ፣ ያልሰማ ይመስል።

"ሊመለስ ይችላል፤ ሲቀላ አትቆይ" ብሎኛል ሐኪሙ።
ካርዴን ከክር ሳጥኔ ውስጥ አኑሬዋለሁ፣
ከጥቁሩ ክር ሥር፣
ዳብሼ የማገኘው ቦታ።